ጠላሽን በመብራት ጠመቅሁት

እማዬ፣ የሆዴ እናት፣

አንቺን የወሰደብን ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። ዳንግላ እንደምታውቂው ጭቃ ሆናለች፤ የጋሪ ፈረሶቹ እኛ በር ላይ ሲደርሱ ይንሸራተታሉ። አባዬ አለ። ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ሰው ሲያናግረው ይመልሳል። ሌላ ምን ልበልሽ፤ አለ።

ጋዙ የገባ ሰሞን የነበረሽ ደስታ አይረሳኝም። ዕድሜሽን ሙሉ ለጠላ ገብስ ስትቆዪ የእንጨቱ ጭስ ዓይንሽን ጨርሶት ነበር። ሲሊንደሩ ሲመጣ "አሁን ገና እንደ ሰው ዓይኔን ገልጬ ልቆላ ነው" አልሽ። ለጎረቤታችን ለእትዬ ስንዱ ሰማያዊውን ነበልባል ከፍ ዝቅ እያደረግሽ ስታሳያቸው እንደ ልጅ ትስቂ ነበር።

ያን ጠዋት ዝናብ ነበር፤ ለማኅበር ጠላ የሚሆን ገብስ ልትቆዪ ተነሥተሻል። ብርዱ እንዳይገባ የማድ ቤቱን በር ዘግተሽዋል። ጋዙ በጎማው ሲወጣ አድሮ ኖሮ፣ ክብሪቱን ስትጭሪ ውስጡ በአንድ ጊዜ ነደደ። እኔ ጌሾ ልገዛ ገበያ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ጎረቤቶች በጋቢ ጠቅልለው ባጃጅ ላይ ሲጭኑሽ ደረስኩ። ሆስፒታል ዓይንሽ በፋሻ ተሸፍኖ፣ በአገውኛ፣ "የማኅበሩ ገብስ ተረፈ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ተርፏል አልኩሽ። አንዲት ፍሬ አልተረፈም ነበር። በማግሥቱ አረፍሽ።

ከቀብርሽ በኋላ አባዬ ሲሊንደሩን ጋሪ ላይ ጭኖ ወጣ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። የት እንዳደረሰው ዛሬም አልጠየቅሁትም። "ከእንግዲህ በዚህ ግቢ እሳት አይነድም" አለ። ክብሪት እንኳ እንዳይገባ ከለከለ። ምግባችንን እትዬ ስንዱ ቤት አብስዬ አመጣለሁ። ጠላው ቆመ፤ ደንበኞችሽም ወደ ሌላ ቤት ሄዱ።

ሙት ዓመትሽ ሲቃረብ ግን "እናትሽ በሰው ጠላ አትዘከርም" አለኝና፣ ራሱ ሠራተኛ ጠርቶ ወፍራም ሽቦ አስዘረጋ፤ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገባ።

እማዬ፣ መብራት እንደ ጋዝ አይደለም። ጋዙን ዝቅ ስታደርጊው ወዲያው ይታዘዝሻል፤ ይሄኛው ምድጃ ከጠፋም በኋላ ትኩሳቱ አይለቀውም። የመጀመሪያውን ገብስ ጠፍቷል ብዬ ትቼው ከሰለ። ሁለተኛውን እያጋመስኩ መብራት ሄደ። ሲመጣ መልሼ ጣድኩት፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ጥሬ ሆኖ ቀረ። ሌላ ገብስ አልነበረንም።

ጋኑ ደግሞ በወይራ መታጠን አለበት፤ ለዚህ መብራት ምን ያደርጋል? አባዬ "እኔ አጥነዋለሁ" ብሎ ክብሪት ገዝቶ መጣ። ጋኑ ፊት ተቀመጠና አንድ እንጨት ጫረ። ነበልባሉን እያየ ደርቆ ቀረ፤ ጣቱ ላይ ሲደርስ እንኳ አልጣለውም። እፍ ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጋኑን ተሸክሜ እትዬ ስንዱ ቤት ወሰድኩት። ወይራውን አቀጣጠሉልኝ።

ጠላው ቀጠነ። እንግዶቹ ጠጥተው "ነፍስ ይማር" አሉ፤ ድገሚኝ ያለ ግን የለም። አባዬ ብርጭቆውን ቀምሶ "የሷ አይደለም" አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እስከ አተላው ጨረሰው።

አሁን ደንበኞችሽ አንድ ሁለት እያሉ ተመልሰዋል። ገብሱ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ምድጃውን ማጥፋት ለምጃለሁ። አባዬ ማድ ቤት አይገባም፤ ቆልቼ እስክጨርስ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስጨርስ የምድጃውን ገመድ ነቅዬ እሰጠዋለሁ፤ ጠቅልሎ መኝታው ድረስ ይዞት ይሄዳል፤ ትራሱ ሥር ነው የሚያሳድረው። "አባዬ፣ ይሄ እኮ አይፈነዳም" ብለው "ጋዙንም እንዲህ ብለውን ነበር" አለኝ።

ሰዉ ዛሬም ቤታችንን በስምሽ "ጥሩ ቤት" ነው የሚለው። ባለፈው ከእንጅባራ የመጣ መንገደኛ ገብቶ ጠላ ከቀዳሁለት በኋላ "ጥሩ አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"እናቴ ናት" አልኩት።

ነበረች ማለት አቃተኝ፣ እማዬ። በሕይወት እስካለሁ ድረስም አልልም።

ልጅሽ አገሬ