ጥላ በኩል ያለ ቤት

አሥረኛ ወር፣ 6

ጎመን በጨው ከተትኩ። ሁለት ማሰሮ። ባኦቻንግ ከመደቡ ላይ ሆኖ፣ "ድንጋዩን ጫኝበት፣ አምና ተበላሽቶብሻል" ይለኛል። ግራ ጎኑ ከከዳው ወዲህ የባሌ ሥራ እኔን ማዘዝ ሆኗል። ፀሐይ ደጃችን ላይ ምሳ እስኪበላ ቆየች። ከዚያ ወደ ማዶ። በቅርቡ ጭራሽ አትመጣም... እስከ ጸደይ።

አሥረኛ ወር፣ 14

"ማዶ ውሰጅኝ" አለ። ፀሐይ የምትመታው የተራራው ፊት ላይ፣ ታናሽ ወንድሙ ባኦቶንግ ጋ። ባዶ ክፍል አላቸው። ከመደቡ ሥር እሳት ሲነድ ይውላል፣ እግሩ ግን አይሞቅም። ልጠይቃቸው?

አሥረኛ ወር፣ 15

ባኦቶንግ "እሺ" ብሎ ላከብኝ። መምህር ቹ መጡ። የመኖሪያም የመቃብርም ቦታ የሚመርጡልን እሳቸው ናቸው። የባኦቻንግን የእጅ የደም ሥር ዳሰሱ።

"ጥላው፣ ብርዱ ዪን፤ ፀሐዩ፣ ሙቀቱ ያንግ። የሱ ያንግ እያለቀ ነው። እዚህ አይተካም። አሥራ ዘጠኝ ጥሩ ቀን ነው፣ ይሻገር።"

"አንዱ ሲጠግብ ለሌላው ይለቃል ይሉን አልነበር?" አላቸው ባኦቻንግ።

"ይለቃል።"

"እኛ ጋ ሲደርስ ረስቶታል።"

ሽማግሌው ሳቁ። እኔም።

አሥረኛ ወር፣ 19

የጎረቤት አህያና ጋሪ ለምኜ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወሰድኩት። የባኦቶንግ ሚስት ሩይፌን በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

"እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ምራቴ እርጉዝ ናት። በሞት አፋፍ ያለ ሰው ዪን ይዞ ይገባል ይላሉ..."

ባኦቶንግ ከኋላዋ መሬት መሬት ያያል። ወንድም ተብሎ።

"ጋሪውን መልሺው" አለኝ ባኦቻንግ። መንገድ ላይ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ዓይኑን ጨፈነ። አህያዋን አዘገየኋት። ሌላ ምን አቅም አለኝ?

አሥራ አንደኛ ወር፣ 2

አጥሚቱን ተፋው።

አሥራ አንደኛ ወር፣ 11

የዓመቱ አጭር ቀን። ከዛሬ ጀምሮ ያንግ ይወለዳል፣ ቀኑ ይረዝማል ይባላል። ሥጋ የሞላሁበት ሊጥ ቀቀልኩ። አንዷን ዋጠ።

"ረዘመ?" አለኝ።

ደጁን አየሁ። "ትንሽ" አልኩት። ውሸቴን።

አሥራ አንደኛ ወር፣ 14

ሞተ። ጠዋት። መደቡ ሞቋል፣ እጁ ቀዝቅዟል።

አሥራ አንደኛ ወር፣ 20

ቀበርነው። ቀኑን የቆረጡት መምህር ቹ ማዶ፣ ከባኦቶንግ ቤት በላይ ቦታ መረጡለት። ሩይፌን ቃል አልተነፈሰችም። ለሙት ማን ይከለክላል?

አሥራ ሁለተኛ ወር፣ 3

ሩይፌን መጣች። እንቁላል ይዛ።

"እትዬ፣ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ? እኛ ጋ ይምጡ፣ ፀሐይ ይሙቁ።"

ያን ቀን በሩ ላይ ይህ ደግነት የት ነበር ልላት አሰብኩ። ብላትስ? ሻይ ቀዳሁላት።

"እዚሁ ለምጃለሁ" አልኳት።

ስትሄድ የመደቡን እሳት ልጭር ተነሳሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለማን?