«ስትወልጂ ይተውሻል»

ጥቅምት 4
የጠዋቱን ዜና አነበብኩ። ወር አበባዬ ከመጣ ሁለተኛ ቀኑ... ስለ ስንዴ ምርት እያነበብኩ ጥርሴን ነክሼ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድጄ። ከስቱዲዮ እንደወጣሁ መጸዳጃ ቤት ሮጬ አስመለስኩ። አለቃዬ በር ላይ ጠበቀኝ። «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ሴት?» ሊቁ! የሴትን ነገር እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ?

ጥቅምት 9
ሐኪም ቤት። ዶክተሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።
«አግብተሻል?»
«አራት ዓመቴ።»
«ልጅስ?»
«እምቢ አለኝ።»
«በይ ውለጂ። ስትወልጂ ይተውሻል።»
ለምን እንደማልወልድ ልጠይቅ ሄጄ፣ መድኃኒትሽ መውለድ ነው ተባልኩ። ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት የተማረው...

ጥቅምት 20
አማቴ መጡ። ከላይ እስከ ታች ገረመሙኝና፣ «ያ ሬዲዮ ነው ሆድሽን ያደረቀው» አሉ። እሺ፣ እማማ። ማይክሮፎኑ ነው። ባሌስ? ግድግዳ ያያል። እንደሱ ዝም የሚል ጓደኛ አግኝቶ ነዋ።

ኅዳር 2
ጓደኛዬ፣ የስቱዲዮዋ ቴክኒሻን፣ ሌላ ሐኪም ጋ ጎትታ ወሰደችኝ። ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ጠየቁኝ፣ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ፣ አልትራሳውንድ አነሱኝ። «ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው የሚመስለኝ» አሉ። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፤ ደሙ ግን መውጫ የለውም። ጠባሳ ይሠራል፣ የማህፀን ቱቦውን ካንጀት ያጣብቃል። ግራ እንቁላል ማምረቻዬ ላይ እጢ አለ።
«ስወልድ ይተወኛል?»
«ማነው እንደዚያ ያለሽ?»
ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።
«እርግዝና መድኃኒቱ አይደለም። ይዟቸውም የሚወልዱ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ግን ያስቸግራል። ባልሽም ይመርመር።»
እንባዬ መጣ። አሞኝ ነበር ማለት ነው... ወር አበባ ካየሁ ጀምሮ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ የምር አሞኝ ነበር!

ኅዳር 3
ለባሌ ነገርኩት። «እኔ ደግሞ ምን ሆንኩና?» አለ። ጤነኛ ነው። ማን ነገረው? እናቱ።

ታኅሣሥ 11
ሐኪሟ ያዘዙልኝ ቀዶ ጥገና አለቀ። እጢው ወጣ፣ የተጣበቀው ተላቀቀ። የግራው ቱቦ ተዘግቷል፣ የቀኙ ክፍት ነው። «ተስፋ አለ። ቃል ግን አልገባልሽም» አሉ ሐኪሟ። ደስ አለኝ። የማያውቁትን ‹አላውቅም› የሚል ሰው አገኘሁ። ባሌ ቁስሌን አይቶ ወጣ። የት እንደሄደ አልጠየቅኩም።

ጥር 16
አማቴ ገና ሳይቀመጡ፣ «እና፣ ትወልጃለሽ ወይስ አትወልጂም?»
«አላውቅም፣ እማማ።»
«አላውቅም ብሎ ነገር ምንድን ነው?»
ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። የቤት ዕቃ የተናገረ ያህል ደነገጥኩ።
«እማዬ፣ እኔም ተመርምሬያለሁ። ችግሩ እኔም ጋ አለ።»
እኔም አልሰማሁም ነበር! አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣
«ማሽኑ ተበላሽቶ ነው» አሉ።
ባሌ አየኝ። አየሁት። መጀመሪያ እሱ ነው በሳቅ የፈነዳው። ወር አበባዬ ላይ ነበርኩ... ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።