አምስተኛዋ ካንዴላ

ውድ አባዬ፣

ይኸው ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። አንድ ነገር ልነግርህ ስጀምር ስተው፣ ስጀምር ስተው እዚህ ደረስሁ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም የሚል ሰው ይኖራል። አንተ ግን ዕድሜህን በሙሉ ከሞተር ጋር ስታወራ የኖርህ ሰው ስለሆንህ በዚህ አትስቅብኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደኅና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ አመመኝ ማለት ግን ዛሬም አትወድም። ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላም ጥቁሯን አላወለቀችም፤ እኔም አውልቂ አላልኋትም። ቀበሌው የኋለኛዋን ክፍል ለመጋዘን ፈልጓት ነበር። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ብቻዋን ሄደችና ነገሩ ቀረ። ምን እንዳለችው እስካሁን አልነገረችንም።

ፋሲሎ ሰፈር ያለው ጋራዥ አልተዘጋም። አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ። አያ ደሴ እዚያው ጥግ ላይ ላሜራቸውን ይበይዳሉ። ሰይድም መለዋወጫ ይዞ ከወረታ ሲመጣ እንደ ድሮው ጎራ ይላል። ብቻ አንተ ትቀመጥባት የነበረችው በርሜል ላይ አይቀመጥም፤ ቆሞ አውርቶ ይሄዳል።

አጅሪትም አለች። ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ቢያነበው አጅሪት ማን እንደሆነች ልንገረው። ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ፈረንጅ መምህር ከአገሩ ያመጣት ነጭ መኪና ናት። ሰውየው የእሽቅድምድም ነገር ይወድ ስለነበር ሞተሯን ነካክቶ፣ አየር በግድ የሚነፋ ተርቦ ገጥሞላት ነበር። ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ ሦስት ዓመት ሙሉ መኪናዋን ስትጠግንለት ለኖርኸው ለአንተ ቁልፏን ሰጠህ። አንተም እንዳለች አልተውሃትም። የጭስ ማውጫዋን አሰፋህ፣ ሞላዋን አሳጠርህ። እሑድ እሑድ በመራዊ መንገድ ስትለቃት አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን በመስኮት ያወጣ ነበር። እማዬ ከፊት ተቀምጣ “አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ከሆነ በቤቴ ልሙት” ትልሃለች። ሆኖም አንድ እሑድ እንኳ ቀርታ አታውቅም።

በኋላ አጅሪት ታመመች። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ የወሩን ድርሻ በሳምንት ትጨርሰው ጀመር። ጭሷ ጠቆረ፤ ቆማ ስትሠራ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። ከሥሯ ገብተህ ስትፈትሽ ጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የተሰካች፣ ሽቦ የወጣላት፣ ካንዴላ የምትመስል ነገር አገኘህ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት የሞተሩ ካንዴላዎች አራት ስለሆኑ አምስተኛዋ ካንዴላ ብለህ ስም አወጣህላት። በእኛ ጋራዥ ደግሞ ካንዴላ አይጣልም። በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፣ በቤንዚን ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ተመልሶ ይገባል። አምስተኛዋንም እንደ እህቶቿ ፋቅሃት፣ አጠብሃት፣ መለስሃት። አልተሻላትም። ደግመህ ፋቅሃት።

እኔ ያን ጊዜ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርሁ። ሴት ልጅ እንዴት መፍቻ ትይዛለች ብለው ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሲቃወሙ የተከራከርህልኝ አንተ ነህ። ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ መጽሐፍ አውጥቼ አነበብሁ። ያቺ ዕቃ ካንዴላ አይደለችም ይላል። የኦክስጅን መለኪያ ናት። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደቀረ ታሸትና ቤንዚን ጨምር፣ ቤንዚን ቀንስ ብላ ምልክት ትልካለች። ጫፏ ስስ ሸክላ ነው፤ በብሩሽ አትነካም። ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ፣ ራት ስንበላ፣ ለብቻህ ልነግርህ እችል ነበር።

እኔ ግን በነጋታው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አያ ደሴና ሰይድ ባሉበት፣ ብሩሹን ከእጅህ ነጠቅሁህ። “አባዬ፣ ያበላሸሃት አንተ ነህ። ካንዴላና መለኪያ የማይለይ ሰው ይህችን መኪና መንካት አልነበረበትም” አልሁህ። አንተም በቀስታ “እንግዲያው ሽቦዋን እንንቀልና ቤንዚኑን በጆሮዬ አስተካክላለሁ” አልህ። እኔም በጆሮ የሚሠራበት ዘመን አልፏል ብዬ መለስሁልህ። ሰይድ ሊስቅ ከጀለውና ተወው። አያ ደሴ የብየዳ መነጽራቸውን አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። አንተ እጅህን በጨርቅ ጠረግህ፤ ብዙ ጠረግኸው፤ ከዚያ ወደ ቤት ሄድህ።

አልተቆጣኸኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አጅሪትን አልነካሃትም። የሌላ ሰው መኪና ከፍተህ እንኳ እኔ ስመጣ መፍቻውን ታቀብለኝና ገለል ትላለህ። ደንበኛ መጥቶ ምን ሆና ነው ብሎ ሲጠይቅህ “እሷን ጠይቃት” ትለዋለህ። ሠላሳ ዓመት ያመንኸውን ጆሮህን ማመን ተውህ። እኔም አየሁህ፤ አይቼም ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አልታየኝም። እውነት የተናገረ ሰው ምን ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል? በሁለተኛው ወር ደም ግፊትህ ጣለህ። ሆስፒታል በቆየህባቸው ሦስት ቀናት አንደበትህ ተይዞ ነበር። እጅህን ይዤ ስለ ጋራዡ፣ ስለ እማዬ፣ ስለ ብዙ ነገር አወራሁህ። የዚያን ቀኑን ነገር ግን አላነሣሁትም።

አርባህ ከወጣ በኋላ ፈረንጁ መምህር ከሐዘን ደብዳቤ ጋር ሁለት አዳዲስ መለኪያዎች በሰው እጅ ላከልን። ለካስ ከዚያ ቀን በኋላ ሰው አጽፈህ ልከህለት ኖሯል። ልጄ ትፈልጋቸዋለች ብለህ እንደጻፍህለት ነገረኝ። ይህን ሳነብ አለቀስሁ፤ ግን ገና ምን እንዳደረግሁህ አልገባኝም ነበር።

የመጀመሪያዋን ገጠምሁ። ጫፏን በጣቴ እንኳ ሳልነካ፣ መጽሐፉ እንዳለው አድርጌ። አጅሪት ዳነች። ጭሷ ጠራ፣ ቤንዚኗም ወር አደረሰ። ይኸው ልክ ነበርሁ ብዬ ደስ አለኝ፣ አባዬ። አፈርህ ሳይደርቅ ደስ አለኝ። ይህንንም ልደብቅህ አልፈልግም።

ሁለት ወር አልሞላም፣ ጭሷ እንደገና ጠቆረ። ብሩሽ የሚባል አልነካትም። ሁለተኛዋን ገጠምሁ፤ እሷም እንደዚያው ሆነች። ለመምህሩ ጻፍሁለት፤ መልሱ በሦስተኛው ወር፣ ፖስታው መንገድ ላይ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ ደረሰኝ። እናንተ አገር የሚቀዳው ቤንዚን እርሳስ የሚባለው ማዕድን ይጨመርበታል ይላል። እርሳሱ መለኪያዋ ጫፍ ላይ ይጋገርና ማሽተት ይከለክላታል፤ ምንም ብትጠነቀቁላት ብዙ አትቆይም፤ እኔም እዚያ ሳለሁ ከአገሬ እያስመጣሁ ራሴ እለውጣት ነበር። ብሩሹ እርግጥ አይጠቅማትም፤ አባትሽ ብሩሽ ሲያነሣ ግን እሷ ቀድማ ሞታ ነበር ይላል። የሚሻለው ሽቦዋን ነቅሎ ቤንዚኑን በእጅ ማስተካከል ነው፤ ይህን ደግሞ ከአባትሽ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አላየሁም ብሎ ጨርሷል።

መጽሐፉ አልዋሸም። ካንዴላ አይደለችም፤ ብሩሽም አትወድም። ያበላሸሃት ግን አንተ አልነበርህም፤ መድኃኒቷንም ያን ዕለት ነግረኸኝ ነበር። ግማሽ እውነት ይዤ በሰው ፊት አዋረድሁህ። አንተ ደግሞ አምነኸኝ ሞትህ። የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

ባለፈው ዓርብ የመለኪያዋን ሽቦ ነቀልሁ። የአጅሪትን የቤንዚን ማስተካከያ በጥቂት በጥቂቱ እያዞርሁ ሞተሯን አዳመጥሁ፤ ካንዴላዎቹን እያወጣሁ ቤንዚኑ ልክ መሆኑን የሚናገረውን የተቆላ ገብስ መልክ እስኪይዙ ድረስ ቀለማቸውን አየሁ። አንተ በሃያ ደቂቃ የምትጨርሰው ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በሰው ፊት ያልሁትን በሰው ፊት ልመልስ ብዬ አያ ደሴንና ሰይድን ጠራኋቸው። ደብዳቤውን አነበብሁላቸው። ያን ቀን አባቴን ያለ ጥፋቱ ወቀስሁት፤ መኪናዋን የጎዳት ቤንዚኑ ነው፤ አጥፊዋ እኔ ነኝ አልኋቸው። ሰይድ አቀርቅሮ “እሱማ ያኔውኑ ይቅር ብሎሻል፤ ነፍሱን ይማረው” አለ። አያ ደሴ ግን “ደግ አደረግሽ፣ ልጄ። እሱ ቢሰማው ነበር ደጉ” አሉኝ።

ለክፋት ብለው አይደለም፤ እውነታቸውን ነው። ከሰይድ ማጽናኛ ይልቅ የአያ ደሴ ቃል ቀረበኝ። የምጽፍልህም ለዚህ ነው።

ዛሬ እሑድ ነው። አጅሪትን ሐይቁ ዳር አቁሜያታለሁ። እማዬ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ከደልጊ የሚመጣውን ጀልባ ታያለች። መንገድ ላይ ቀስ ብዬ ስለነዳሁ አባትሽ ቢሆን ይህን ጊዜ ደርሰን ተመልሰን ነበር ብላ ወቀሰችኝ። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም፤ የምታውቅ ይመስለኛል።

ሰው ስምህን ሲያነሣ እጀ ወርቅ ነበር ይላል። እኔም እላለሁ። ነገር ግን ባነሣሁህ ቁጥር፣ ጋራዡ ለሚመጣው ሁሉ፣ ወልጄም እንደሆነ ለልጆቼ፣ ያን ቀን ልክ የነበረው አባቴ ነበር ብዬ እጨምርበታለሁ። ደስ የሚለውን ብቻ መርጬ አላስታውስህም። ያን ቀን እጅህን በጨርቅ ደጋግመህ ስትጠርግም አስታውስሃለሁ።

አባዬ፣ አላወቅሁም ነበር። ይቅር በለኝ።

ልጅህ
ትርንጎ