አጥብቄ የያዝኩት እጅሽ

ውድ ፍልቅልቄ፣

ከክፍላችን ተዛውረሽ ከሄድሽ ሦስት ወር ሆነሽ። የነርሶች ኃላፊዋ ማትሮናችን አዲሱ ሆስፒታል ለቤትሽ ስለሚቀርብሽ ነው ብለውናል፤ ነርሶቹም ሁሉ አምነዋል። እኔ ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

አንድ አስታማሚ የክፍላችንን አዋላጅ ኮሪደር ላይ እጇን ይዞ ያንገላታት ሰሞን፣ ማትሮናችን ካራቴ መማሬን ሰምተው "ለጓደኞችሽ ራስን መከላከያ ግማሽ ሰዓት አሳዪያቸው" ሲሉኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው የሚሰበሰበው አንቺ ዙሪያ ነበር። በሽተኛው የሚጠራው አንቺን፣ ሐኪሙ የሚያማክረው አንቺን። ለአንድ ቀን እንኳ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ይሆናል አልኩ።

በምሳ ሰዓት የማረፊያ ክፍሉን ወንበሮች ወደ ግድግዳ ገፍተን ጀመርኩ። እጃችሁ ሲያዝ በያዣው አውራ ጣት በኩል አዙራችሁ አውጡ ብዬ አስረዳሁ። ሁሉም ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ደርቀው ቆሙ። አንቺ ከኋላ ሆነሽ፣ "እኔን የሚይዘኝ ከተገኘማ ምን አስመለጠኝ?" ስትዪ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይን ሁሉ ግን ተመልሶ አንቺ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዷ ያሳየሁትን አንቺ እንድትደግሚላት ለመነችሽ። ይሄኔ ነው ነይ አንቺ ላይ ላሳይ ብዬ የጠራሁሽ።

እጅሽን ያዝኩት፤ ለትምህርት እንደዚያ አይያዝም። ባልኩት መንገድ ስታዞሪ አጠበቅኩብሽ፤ ስትደግሚ ባሰብኝ። ጠጋ ብለሽ፣ ማንም ሳይሰማ፣ "አመመኝ፣ ልቀቂኝ" አልሽኝ።

ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አቅቶሽ ማየት ደስ ስላለኝ ነው ያልለቀቅኩሽ።

በመጨረሻ ስለቅቅሽ የጋውንሽን እጅጌ ወደ ታች ሳብሽና ወደ እነሱ ዞረሽ፣ "አያችሁ፣ የምሩን የሚይዝ ሰው እንዲህ ነው። እሷን ደህና አድርጋችሁ ስሟት" አልሽ። በማግስቱ እጅሽ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣሽ፤ የቁም ሳጥን በር ነው አልሽ። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ፣ እንኳን ሌላው ደግነቱም የሷ ሆነ ብዬ ቀናሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትዛወሪ ድረስ ሰላምታ ነፈግኩሽ።

ባለፈው ሳምንት አዋላጇ ደረጃ ላይ እጇን እንደገና ተያዘች፤ ግን አዙራ አመለጠች። ማን አስተማረሽ ሲሏት ያንቺን ስም ጠራች። ለካ በዚያ በታሰረ እጅሽ በየሻይ ሰዓቱ ስታለማምጃት ኖረሻል። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። የእንባዬ ግማሹ ቅናት ነበር፤ አልዋሽሽም።

ከዚያ ማትሮናችን ጋ ሄጄ እጅሽን የጎዳው የሳጥኑ በር ሳይሆን እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። "ለሷስ ነግረሻታል?" አሉኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። በድዬሻለሁ። ከእንግዲህ አልቀናብሽም ብዬ አልምልልሽም፤ ማንንም ግን እንደዚያ አልይዝም። ረቡዕ ከሥራ ስትወጪ አዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ዋናው በር ላይ እቆማለሁ። ልታዪኝ ካልፈለግሽ በጓሮው በር ውጪ፤ አልከተልሽም።

የስድስት ዓመት የተረኝነት ጓደኛሽ