የሰኞው ገመድና ያንተ ሸሚዝ

ውድ ወንድሜ ጋቪን፣

ጤናህን እንዴት ይዞሃል? ካሪን እንዴት ናት? ቶቢና ፍሬያስ? እናንተ ዘንድ ወቅቱ የእኛ ተቃራኒ ሆኖ አሁን ብርዱ የሚከብድበት ጊዜ ስለሆነ የፍሬያ ሳል እንደገና እንዳልተነሳባት ተስፋ አደርጋለሁ። ጉልበትህስ ተሻለህ? የቤታችሁ ጣሪያ ማፍሰሱን አቆመ ወይ? ያ ሁሉ ባሕር በመካከላችን ቢዘረጋም ሰላምታዬ ሳይርስ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል እማዬ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ደረጃውንም ያለ ምርኩዝ ትወርዳለች ማለቴ ነው። በሌላው ነገር ግን ቆሽቴ አርሯል። ያሳረርከውም አንተ ነህ፤ ይህንን ከሰላምታው ጋር አብረህ እወቀው።

ኋላ አልሰማሁም እንዳትል ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። የእማዬ የልብስ ማስጫ እንጨቶች እንዲነቀሉ ፈርመሃል። አባዬ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ባንተ ስም ነውና ፊርማህ ይሠራል። ስምምነትህን እስከ ኦገስት መጨረሻ ቀን ካልሰረዝክ የጎልፍ ክለቡ ሁለቱን እንጨቶች ነቅሎ ሜዳውን ያሰፋል። በየእሑዱ በስልክ ስለ ዝናቡና ስለ ራግቢው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስታወራኝ ይህችን አንዲት ነገር መናገር እንዴት አቃተህ?

መልስህን አውቀዋለሁ። «ገመዱ ሰለቸኝ ያልሽኝ አንቺ ራስሽ አይደለሽም ወይ?» ትለኛለህ። አዎ፣ ብያለሁ። በየሰኞው እርጥብ ልብስ የሞላ ቅርጫት ተሸክሜ ያንን ሣር ሳቋርጥ፣ የጎልፍ ዱላ የያዘ ሁሉ ከኋላዬ «ኧረ ቶሎ በይ፣ እመቤት!» እያለ ሲጮህብኝ ወገቤን ይዤ ያላልኩት ነገር የለም። ሰው ሲደክመው ይናገራል። ፈርምልኝ ግን አላልኩህም። የላክልንን ማድረቂያ ማሽንም እንደምታነሳብኝ አውቃለሁ። ማሽኑ አለ። እማዬ ዳንቴል አልብሳ የአበባ ማሰሮ አስቀምጣበታለች። አንድ ቀን እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሁለት አንሶላ አደረቅኩበት፤ ስትመለስ አሽትታ «ይሄማ የሞቀ አቧራ ነው የሚሸተው» አለችና እንደገና አጥባ ይዛው ወጣች።

በመደዳችን ያሉት ሌሎቹ ሦስት ቤቶች በጎልፉ ሜዳ ላይ ልብስ የማስጣት የድሮ መብታቸውን ትተዋል። ጎረቤታችን ሴንጋ እንኳ አምና ተወችው። አሁን በዚያ ሜዳ ላይ በየሰኞው ልብስ የምታሰጣ እማዬ ብቻ ናት፤ እሷ ከተወች የዓሣ አጥማጆቹ ሚስቶች ያቆዩት ነገር በዚያው አበቃ ማለት ነው። ይህን ለአንተ ማስረዳት አልነበረብኝም። በዚያ ገመድ ሥር እየዳኸ ያደገ ሰው ነህ።

በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የሚስትህን አባት ላክህብን። ሚስተር ፔተሪክ መጥፎ ሰው አይደሉም። ደብዳቤውን ይዘውልህ የሚመጡት እሳቸው ስለሆኑ ይህን አስቀድሜ ልበል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጋቪን! ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ ኳስ ያንከባልላሉ፤ የአባዬ ፎቶ ያለበት ጠረጴዛ እግሩ ሲንኳኳ ነው የምነቃው። የአጃ ገንፎው ላይ ስኳር ይጨምራሉ። እማዬ ስኳሩን ስታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞርና እስኪጨርሱ ድረስ ባሕሩን ትመለከታለች። ዝናቡ በረታ ስንላቸው «ጎልፍ ማለት ይሄ ነው እንጂ!» ብለው ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ውኃ እያንጠባጠቡ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። ካልሲያቸውን የሚጨምቀው ማን መሰለህ? ስለ ነፋሳችን ሲያወሩ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «በእንዲህ ያለ ነፋስ ውስጥ ተወልደሽ እንዴት ጎልፍ አልተጫወትሽም?» ብለው ተገረሙብኝ። ከንጋት ጀምሮ ዳቦ ቤት ቆሜ ስሠራ እንደምውል ነገርኳቸው። «ታዲያ ከሰዓት በኋላስ?» አሉኝ።

እንግዲህ እኚህ ሰው የእንግዶቹን ዋንጫ ሊጫወቱ ተመዘገቡና ሳይታሰብ ለፍጻሜ ደረሱ። ፍጻሜው ሰኞ፣ ኦገስት 14 ቀን ዋለ። ጨዋታው የሚያልፈው ደግሞ በማስጫችን አጠገብ ነው። እማዬን ለመንኳት። «ለአንድ ጊዜ ብቻ ማክሰኞ እናሰጣ፤ እንግዳችን ናቸው» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ዋንጫቸውን ማክሰኞ ያድርጉታ» አለች። ቅርጫቱን ተሸክሜ ተከተልኳት።

አራት አንሶላ፣ የእኔን የሥራ ሽርጦች፣ ፎጣዎቹን አሰጣን። በስተመጨረሻ፣ በባሕሩ በኩል ባለው የገመዱ ጫፍ፣ እማዬ ራሷ አንድ የወንድ ሸሚዝ አሰጣች። እንደ ልማዷ የእጅጌውን ቁልፎች ቆልፋ፣ ታችኛውን ጠርዝ በሁለት መቆንጠጫ ይዛ ዘቅዝቃ ሰቀለችው። ነፋሱ ነፍቶት ሁለቱ እጅጌዎች ወደ ታች ይወዛወዙ ነበር።

ሚስተር ፔተሪክ መቱ። ኳሷ በደንብ ነበር የተነሳችው፤ ያ የሚያመልኩት ነፋስ ግን መንገድ ላይ ጠመዘዛትና በሸሚዙ አፍ ገብታ እጅጌው ጫፍ ላይ ተወሸቀች። እጅጌው ቡጢ የጨበጠ ክንድ መስሎ ተንጠለጠለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን በፍጥነት መጥተው ኳሳቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ሰደዱ። ገመድ ላይ ልብስ ውስጥ የገባ ኳስ የልብሱ ባለቤት ንብረት እንደሆነ ከየት ያውቁታል? አንተ ነበርክ የምትነግራቸው። እማዬ እንዲህ ያገኘቻቸውን ኳሶች የምታጠራቅምበት፣ እኔና አንተ በልጅነታችን በየቀለሙ እየለየን የምንጫወትበት የብርጭቆ ማሰሮ ዛሬም መስኮቱ ሥር ነው፤ እስከ አፉ ሞልቷል።

እማዬ «እጅህን አንሳ! እዚያ የገባ ኳስ የኔ ነው!» ብላ ጮኸችባቸው። ሰውዬው እጃቸውን መለሱ። ይኼኔ የክለቡ ጸሐፊ ሚስተር ላምስደን ፊታቸው በርበሬ መስሎ እየሮጡ መጡና «ይውሰዱ ሚስተር ፔተሪክ፣ ግድ የለም ይውሰዱ! ይሄ እንጨት እንደሆነ ከዚህ ወር አያልፍም፤ ባለቤቱ ፈርሞ ልኮልናል» አሉ። እማዬ «ባለቤቱ ደግሞ ማነው?» አለች። «ጋቪን ነዋ፣ ልጅዎ! አልነገረዎትም እንዴ፣ እማማ ኤፊ?» አሏት።

ሴንጋ አፏን በመዳፏ ያዘች። እማዬ ስትቆጣ ምን እንደምትመስል ታውቃለህ፤ ስድቧ ከወደብ እስከ ወደብ ይሰማል። ያን ቀን ግን ወደ ሸሚዙ ዞረች። ሁለቱን መቆንጠጫዎች ነቀለች፣ ሸሚዙን ከነኳሷ አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችውና ውኃው ቀሚሷን እያራሰው ወደ ቤት ሄደች። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዝናብ ሲመጣ እንኳ «ያልፋል» ብላ ልብሷን ትተወዋለች እንጂ፣ እርጥብ ልብስ ከገመድ ስታወርድ አይቻት አላውቅም። ጋቪን፣ ያን ጊዜ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ በቅርጫቱ እመታህ ነበር።

ሚስተር ፔተሪክ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ሸሚዙ የማን ነው? በቤታችሁ ወንድ የለም ብዬ አስቤ ነበር» አሉኝ። ያንተ ነው አልኳቸው። ለአባዬ ቀብር መጥተህ ስትመለስ ወንበር ላይ ረስተኸው የሄድከው ሰማያዊ መስመር ያለበት ሸሚዝ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሰኞው ታጥበዋለች። ማንም ያልለበሰውን ንጹሕ ልብስ ታጥበዋለች! «እማዬ፣ እያለቀ እኮ ነው» ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅኳት። «የማሽን ልብስ ባሕር ባሕር አይልም። ድንገት የመጣ ቀን ቤቱን ቤቱን የሚሸት ልብስ ይለብሳል» ትለኛለች። ለአንተ ያልነገርኩህ እንዳይከፋህ ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደግሞ እርጅና ነው ብዬ አፍሬባት ነበር። አሁን ግን አልሸሽግህም፤ ይክፋህ።

እሳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያም ሚስተር ላምስደንን ስለ ኳሱ የተጻፈ ደንብ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው አንገታቸውን እያከኩ «ክለቡ ግድግዳ ላይ ያለው አሮጌ ሰሌዳ ላይ እንኳ አለ፤ ግን ማን ያነበዋል?» አሉ። «ካለማ አለ ነው። የሰው ኳስ ልወስድ እጄን ሰድጃለሁ፤ ጨዋታው የተጋጣሚዬ ይሁን» ብለው ዋንጫውን ለተጋጣሚያቸው ለቀቁ። ላምስደን «ኧረ በፈጠረዎት! ለአንዲት አሮጊት ሸሚዝ ብለው?» ቢሏቸው «የልጅ ልጆቼ አባት ሸሚዝ ነው» አሏቸው። ይሄን ከተናገሩ በኋላ አንሶላዎቹ እስኪደርቁ ድረስ ዱላቸውን ይዘው ገመዱ ሥር እንደ ዘበኛ ቆሙ። ለሦስት ሰዓት ያህል! ተጫዋቹ ሁሉ ዞሮላቸው ነው ያለፈው። ሲመለሱ አንሶላዎቹን ክፉኛ አጨማድደው አጥፈዋቸው ነበርና ሁሉንም እንደገና ተኮስኩ፤ ያም ሆኖ በዚያ ቀን አልተቆጣኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ እማዬ ስምህን አላነሳችም። ባለፈው እሑድ ስትደውል «ተኝታለች» ያልኩህ ውሸት ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ድምፅህን ትሰማ ነበር። ስልኩን ልሰጣት ብዘረጋላት በእጇ መለሰችው።

ከትናንት በስቲያ ሰኞ ነበር። ታጠበ፣ ተሸከምኩ፣ ተሰጣ። ሸሚዝህ ግን አልወጣም። ማሽኑ ላይ፣ ከአበባው ማሰሮ አጠገብ፣ እንደታጠፈ ተቀምጧል። ኳሷም እጅጌው ውስጥ ናት። መሽተት ጀምሯል። ልጠበው ብዬ ባነሳው «ተዪው። ባለቤቱ ያስጣው» አለችኝ። ገመዱ ላይ ቦታውን ግን ለሌላ ልብስ አልሰጠችውም። ሁለቱ መቆንጠጫዎች ጫፉ ላይ እንደቆሙ ናቸው። ፎጣ ላሰጣበት ስል እጄን ያዘችኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ወረቀት ስምምነትህን መሰረዣ ነው። ሚስተር ፔተሪክ እሑድ ይደርሳሉ። እዚያው ፊታቸው ፈርምና በስልክህ ፎቶ አንስተህ ለክለቡ ላክ፤ ጠይቄያለሁ፣ ይቀበላሉ። «ሳይፈርም እራት አልቀምስም» ብለውኛል። ሦስት ሳምንት ያበላኋቸው እኔ ስለሆንኩ ይህ ቀላል መሐላ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፊርማህ እንጨቶቹን ያስቀራቸዋል። ሸሚዙን ግን በፎቶ ማስጣት አይቻልም፤ እሱን እንግዲህ አንተው አስብበት። ቅርጫቱን እስከዚያው እኔ እሸከማለሁ፤ ስማረር ብትሰማኝ ደግሞ ዝም ብለህ ስማ እንጂ አትፈርም።

ካሪንን ሳምልኝ፤ አባቷን በሰላም እንደመለስኩላት ንገራት፣ ካልሲያቸውም ታጥቧል። ለቶቢ አክስትህ ሮና ስለ ሥዕሉ አመሰግናለሁ ብላሃለች በለው፤ ዳቦ ቤቱ መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ። ፍሬያን ግንባሯን ሳምልኝ፣ ደረቷን አሙቁላት። ሴንጋ ሰላም ብላሃለች፤ ከሰላምታዋ ጋር ያለችውን ሌላውን ቃል ግን አልጽፈውም።

ደብዳቤውን ከመዝጋቴ በፊት እማዬን እንደ ሁልጊዜው ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ወደ ገመዱ ተመለከተች። ከዚያ «ሰኞ ሰኞ ነፋሱ ጥሩ እንደሆነ ንገሪው» አለችኝ።

እህትህ ሮና
ፒትሄቨን፣ ስኮትላንድ
ረቡዕ፣ ኦገስት 23 ቀን