ሀብትነሽን ከሞት ላስነሡት ሊቀ መንበር

አሽቀሎን፣ ነሐሴ 1993 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አቶ ሻሎም
የባሕር ዳርቻ ጥበባት ሳምንት አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ስምዎ ራሱ ሰላምታ ስለሆነ ገና ስጠራዎት ሰላም ያልኩዎት ያህል ነውና፣ ሌላ ሰላምታ ባልጨምር ቅር እንደማይሰኙብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናዎን ግን ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይም የዓይንዎን ጤና፣ በሱቃችን በር ላይ በአማርኛና በዕብራይስጥ የለጠፍነውን ይህን ደብዳቤ ማንም ሳያሳጥርልዎት እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት።

እኔ ማንያዘዋል ባየ እባላለሁ። አፍሪዳር ሰፈር ውስጥ ከገበያው ጀርባ፣ ኮሚክስ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ታሪክ የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከባልደረባዬ ከያሪቭ ጋር አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰን ደብዳቤ፣ ዘንድሮም በመጸለት፣ ማለትም በዳስ በዓል፣ በብሔራዊ ፓርኩ በሚደረገው የጥበባት ሳምንት «እንደተለመደው በፍቅር» እንድንሳተፍ ይጋብዘናል። ይህ «እንደተለመደው» የሚለው ቃል ልቤን ስለነካው፣ የተለመደው ምን እንደነበር በትሕትና ላስታውስዎት ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የሳምንቱን ማስታወቂያ ሣልንልዎት፤ በማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ከግርጌው የነበረው የሱቃችን ስም ተቆርጦ ቀረ። ወረቀቱ ከግድግዳው ስለረዘመ ነው ተባልን። ያሪቭ ሄዶ ቢለካው ግድግዳው ስድስት ሜትር ሆኖ ተገኘ። ትሕትናን ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ በተከታዩ ዓመት ሕፃናትን ሥዕል እንድናስተምር ጠርተውን ድንኳናችንን ከመጸዳጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ተከሉልን። በዚያ ሳምንት እንደ እኛ ብዙ ሰው የጎበኘው አልነበረም፤ ምንም እንኳ አብዛኛው ቸኩሎ የመጣ ቢሆን።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ወንበር ቢስቡ ይሻልዎታል።

ጎረቤቴ እማማ ውብአየሁ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። በ1984 እ.ኤ.አ. ወደዚህ አገር ለመግባት ከጎንደር ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን ሲሄዱ ታናሽ እኅታቸው ሀብትነሽ አብራቸው ነበረች። ሀብትነሽ እዚያ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ በወባ ተያዘች፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ጫማዋን አውልቃ ለእኅቷ ሰጠችና «አንቺ ግቢልኝ» ብላ ሞተች። እማማ ውብአየሁ ይህን ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈሱም። አምና ግን በየማክሰኞው ሱቃችን እየመጡ፣ ከመደርደሪያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለእኔ ነገሩኝ፤ እኔም ሣልኩት። የአህያዋን ጆሮ ብቻ ሁለት ጊዜ አሳርመውኛል። ሲያልቅ አሥራ ስድስት ገጽ ወጣው፤ ንግግሩን በአማርኛ ጻፍኩ፣ ከሥሩ ያሪቭ የዕብራይስጡን ትርጉም አስገባ።

እርስዎም በእግርዎ ሱቃችን ድረስ መጥተው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ዓይንዎንም በመሐረብ ጠረጉ። አሁን ሳስበው የመደርደሪያው አቧራ ይሆናል። ከዚያ ዋናዎቹን ገጾች ለዐውደ ርእይ ብለው ይዘው ሄዱ።

በመክፈቻው ዕለት እማማ ውብአየሁ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የልጅ ልጃቸውን ኦሪትንና የሕንፃቸውን ሰው ሁሉ አስከትለው መጡ። ሥዕሎቹ ከፓርኩ ጥንታዊ ፍርስራሽ አጠገብ ተደርድረዋል። አማርኛው ግን የለም፤ ጽሑፍ የነበረበት ቦታ ሁሉ በነጭ ቀለም ተቀብቶ በላዩ ሌላ ዕብራይስጥ ተጽፎበታል። ኦሪት እየተረጎመች ታነብላቸው ጀመር። የደበደቧቸው ሽፍቶች መንገድ የሚያሳዩ ደጋጎች ሆነዋል፤ ረኀቡ ጾም ተብሏል። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረሰች፤ ሀብትነሽ ዓይኗን የጨፈነችበት፣ እኅቷ ጫማውን አቅፋ የተቀመጠችበት ገጽ ነው። ጽሑፉ ሀብትነሽ ደክሟት እንደተኛች፣ ደግ መልእክተኛ መጥቶ እንደቀሰቀሳት፣ ሁሉም ተደስተው እንደተጓዙ ይናገራል።

እማማ ውብአየሁ ሦስት ጊዜ አስነበቧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «ሀብትነሽ ተነሣች ነው የሚለው?» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ተጠይቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አዎ እንዳልል እኅታቸውን በገዛ እጃቸው ቀብረዋል፤ አይደለም እንዳልል ጽሑፉ ፊታቸው ቆሟል። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የቀሩትን አራት ገጾች ሳያዩ፣ ወደ አውቶቡሱ ሄዱ።

እኔ እርስዎን ፍለጋ መጣሁ። በክብር እንግዶች መካከል ቆመው አገኘሁዎትና ለምን ብዬ ጠየቅኩ። እርስዎም ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ፣ «ለበዓል የወጣ ሰው ማዘን አይፈልግም። እኔ አሻሻልኩት እንጂ አላበላሸሁትም» አሉኝ።

ይህ የሆነው ከአስተሥርዮ፣ ከጾምና ከይቅርታው ቀን፣ በኋላ በአምስተኛው ቀን ነበር። በአስተሥርዮ የበደሉኝን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ይቅር ብዬ ጨርሼ ነበር፤ እርስዎ ዘግይተው ደረሱ። ስለዚህ እስከሚቀጥለው ይቅርታ ድረስ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ተሰጠኝ፤ እኔም በእግዜር የተሰጠኝን ጊዜ የማባክን ሰው አይደለሁም።

ሥዕሎቹ ሲመለሱልን ያሪቭ ነጩን ቀለም በምላጭ እየፋቀ ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ጠንካራ ቀለም ስለነበር ወጣ፤ የሀብትነሽ የመጨረሻ ቃል ብቻ ከወረቀቱ ጋር ተፋቀ። እኔ መልሼ ልጽፈው ብዕር ሳነሣ እማማ ውብአየሁ እጄን ያዙኝና እንዳስተምራቸው ጠየቁኝ። ሰባት ፊደል ነው። ሁለት ወር ፈጀባቸው። ሌላውን ፊደል ላስቆጥርዎ ብላቸው ሌላው እንደማያስፈልጋቸው ነገሩኝ። ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ የእጃቸው ነው፤ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነው፣ ማንም አያሻሽለውም።

ከዚያ ወደ እርስዎ ዞርኩ። ከየካቲት ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት በአውቶቡስ ጣቢያው የምናድለውን «ነጭ ቀባው» የተባለ ኮሚክስ ሳያዩት አይቀርም። ባለታሪኩ ስም የለውም፤ ዓሣ የተሣለበት ክራባት ያስራል፣ ብሩሽ ይዞ ከተማ ለከተማ ይዞራል። የታመመ ሲያይ ቀብቶ ጤነኛ ያደርገዋል። ባሕሩን ጨው በዛበት ብሎ ቀብቶታል። በሰባተኛው ክፍል ቤቱ ገብቶ መስተዋት ፊት ቆመና የሚያየውን ስላልወደደው እሱንም ቀባው። ተሳፋሪዎች ቆመው ሲያነቡ አውቶቡስ እያመለጣቸው ነው ብለው ሹፌሮቹ ከስሰውናል። እርስዎ ያን ክራባት ማሰር ማቆምዎን ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ያምርብዎት ነበር።

ስለዚህ ለግብዣዎ መልሳችን እነሆ። በመጸለት ሳምንት፣ በእርስዎው ቀናትና በእርስዎው ሰዓት፣ የእማማ ውብአየሁን አሥራ ስድስት ገጾች በሱቃችን ፊት እናቆማለን። ከእርስዎ ፕሮግራም ላይ ስማቸው ያለ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሁለቱ ፎቶ አንሺዎችና መዘምራኑ በሙሉ ከእኛ ጋር እንደሚውሉ በፊርማቸው አረጋግጠውልናል። ንግግር ለማድረግ ሰፊ ሜዳ ስለሚኖርዎት እንኳን ደስ አለዎት።

አስተሥርዮ አንድ ወር ያህል ስለቀረው፣ እማማ ውብአየሁን ስለ እርስዎ ምን እንደሚያስቡ ትናንት ጠየቅኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ። እናንተ ግን አትቸኩሉ» አሉኝ።

የታላቅ ሰው ምክር አልጥስም።

ለጥበብ ስላደረጉት ሁሉ የሚገባዎትን እስኪያገኙ ድረስ እንቅልፍ የማይወስደው፣
ታዛዥና አክባሪዎ፣
ማንያዘዋል ባየ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጸሐፊዎ ወይዘሮ አዲና ሐሙስ ዕለት መጥተው ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ከ«ነጭ ቀባው» አሥራ አንድ ቅጂ ወስደዋል። አፍንጫዎን አሳንሰን መሣላችንንም በጨዋ ደንብ ነግረውናል፤ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ እየጠየቅን፣ ከመጪው ዓርብ ጀምሮ በልኩ ይሆናል።