ከነአልጋው ስለሸጡልን ክፍል

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ለተከበሩ ብዋና ሺካሊ፣ የነጭ አሸዋ መኖሪያ ቤቶች ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለዘበኞችዎ ክንዶች ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ለትልቅ ሰው ጽፌ አላውቅም፤ ሰው ፊት መናገርም አልችልም። ይህን ደብዳቤ ዓሣ ገበያው ግድግዳ ላይ ስለጥፍ ማንም እንዳያየኝ እየጸለይኩ መሆኔን አልደብቅዎትም።

በመጀመሪያ ምስጋናዬን ላቅርብ። አባቴ ምዋኪዮ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልብስ ሰፍቶ ያጠራቀመውን ይዞ ከታይታ ኮረብታ ወደዚህ ከሞምባሳ ማዶ ወዳለው ባሕር ሲወርድ፣ በአቅሙ አንዲት ክፍል ከነሙሉ ዕቃዋ ሸጠውለታል። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ድስቱ ሳይቀር ነበር። ድስቱ ውስጥ የደረቀ ሩዝ ስናገኝ እንኳ ለእኛ የታሰበልን መስሎን ነበር።

ቅሬታዎቼ ግን የሚከተሉት ናቸው፦

1. ዕቃው ከእኛ በፊት በክፍሉ ትኖር የነበረችው የማማ ካድዞ መሆኑን ሳይነግሩን ቀርተዋል። የቤቱን ክፍያ ስላዘገየች፣ ገበያ በሄደችበት በሯን በቁልፍ አስቆልፈው ክፍሉን ለእኛ እንደሸጡት የሰማነው ከራሷ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ደጃፋችን ቆማ "ሆዲ" ብላ ለመግባት ፈቃድ ጠየቀች፤ እናቴም "ካሪቡ፣ ግቢ" ብላ አስገባቻት። በገዛ ወንበሯ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ሻይዋን ከጠጣች በኋላ፣ "እህቴ፣ ሌላውን ተጠቀሙበት፤ አልጋውን ብቻ ስጪኝ። ገመዱን ከእናቴ ጋር ነው የጠለፍነው፤ እሷም የሞተችው እዚያው ላይ ነው" አለች።

2. እናቴ ሰው አክባሪ ስለሆነች፣ አልጋውን ብንሰጣት ቅር ይላችሁ እንደሆነ ለመጠየቅ ቢሮዎ ደወለች። ምላሹ እጅግ ፈጣን ነበር፤ ለፈሰሰው ቧንቧ ጠርተናችሁ እስካሁን ስላልመጣችሁ፣ እንዲህ መፍጠን እንደምትችሉ አናውቅም ነበር። ሦስቱ ዘበኞችዎ ገብተው ማማ ካድዞ የያዘችውን ብርጭቆ ፊቷ ላይ ሰበሩት። በፀጉሯ ጎትተው አወጧት። አንዱ እጇን በጫማው ረግጦ ሲይዝ ሌላው ክንዷን በዱላ ሰበረው። ድምፁ ኮኮናት ሲፈለጥ እንደሚሰማው ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ ኮኮናት ስትፈልጥ ከቤት እወጣለሁ። ረጅሙ ዘበኛ እየሳቀ፣ "አልጋ አማረሽ እንዴ ማማ? ሆስፒታል ሞልቶልሻል" አላት፤ ቀልዱ የእርስዎ ከሆነ አድናቆቴን ይቀበሉ። ሊገላግል የገባው አባቴ ሁለት ጥርስ አጥቷል። ጥርስ ከሸጡልን ዕቃ ውስጥ ስላልነበረ አንጠይቅዎትም።

3. የታሰረችው ግን እሷ ናት፤ በር ሰብራ ገብታ ዘበኛ ደበደበች ተብላ። ትናንት ጸሐፊዎ መጥታ፣ እኛም እንደዚያው ብለን ካልመሰከርን የባለቤትነት ወረቀታችን እንደማይሰጠን በጣም በጨዋ አነጋገር ገለጸችልን። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። እናቴ አለቀሰች። ማክሰኞ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ድብደባውን ሁሉ ማየቴን የሚያውቅ ስለሌለ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰላማዊ እንቅልፍ፣ ጠንካራ በርና እንግዳ የማያንኳኳበት ቤት እየተመኘሁልዎ፣

እጅግ ታዛዥዎ
ምጎይ ምዋኪዮ፣ ከጥጓ ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ጠዋት ማማ ካድዞ ፍርድ ቤት ስትቀርብ እኔም እሄዳለሁ፤ ለአባቴ አልነገርኩትም። ወረቀቱ ይቀራል፤ ምናልባት ቤቱም ይቀራል። ድምፄ ቀጭን ስለሆነ ሦስቱ ዘበኞችዎ ፊት ለፊቴ ቢቀመጡልኝ በደንብ ይሰሙኛል። ዱላቸውንም ይዘው ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለዳኛው ለይቼ ላሳይ ነው።